ማኅደሩም ግልባጩም፦ የሰበካ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተሮችን ከውኃ ስለ መጠበቅ

(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች በተዘጋጀ ሥልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶች የአድባራትና የገዳማት አስተዳዳሪዎች፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላትና የጽሕፈት ቤት ሠራተኞች፤

የጥምቀት፣ የጋብቻና የዕረፍት መዝገብ፣ የአባላት ዝርዝር፣ የገቢና የወጪ ሒሳብ በየአጥቢያው ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እየተዛወረ ነው። ክረምት በተቃረበ ቁጥር ደግሞ አንድ ጥያቄ ይቀርብልናል፤ «የኮምፒውተሩን ውስጥ ውኃ የማያስገባ ቅብ ብናስቀባው ይበጃልን?» የሚል ነው። ወጪው ከምእመናን ዐሥራትና ስጦታ የሚከፈል ስለሆነ ጥያቄው የተሟላ መልስ ይገባዋል። የእኛ መልስ በአጭሩ ይህ ነው፤ ቅቡ ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን አያድንም።

ይህን የተማርነው በአንድ አጥቢያ ከደረሰ ጉዳት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር በአንድ የጥገና ቤት ተቀብቶ ስለ ነበር ኮሚቴው «ከእንግዲህ ውኃ አይነካውም» ብሎ ልቡን አሳርፎ ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት፣ የቆርቆሮው ምስማር ከላላበት የገባ ውኃ በመሣሪያው ላይ ሲንጠባጠብ አደረ። ሲከፈት የተቀባው ሰሌዳ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ መዝገቡ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ግን ውኃ ገብቶበት ነበር። ሌላ ቅጂ አልነበረም። የሁለት ዓመት ሒሳብ ከደረሰኝ ጉርዶች ላይ እንደገና ለመጻፍ ሦስት ወር ፈጀ፤ ጉርድ የሌለው የአባላት መዝገብ ግን እንደ ጠፋ ቀረ። ጸሐፊው ትጉህ፣ ሒሳብ ሹሙም ታማኝ ነበሩ። እኛም ከወቀሳው አንወጣም፤ ቀደም ሲል አጥቢያውን በጎበኘንበት ጊዜ ቅቡን አመስግነን ተመለስን እንጂ «ቅጂው የት አለ?» ብለን አልጠየቅንም።

ውኃ ኮምፒውተርን እንዴት እንደሚጎዳ እንመልከት። ፍጹም የተጣራ ውኃ ኤሌክትሪክን እምብዛም አያስተላልፍም። ከጣሪያ የሚወርደው ግን አቧራና ዝገት ይዞ ይወርዳል፤ የጉድጓድና የምንጭ ውኃ የምድር ማዕድን አለበት፤ ሻይና ቡናም ስኳርና አሲድ ይዘዋል። እንዲህ ያለው ውኃ ኤሌክትሪክ ባለበት ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ ብረቱ ከአንዱ መስመር እየሟሟ በሌላው ላይ ይከማቻል፤ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያድግ ቀጭን ክርም ይፈጥራል። ክሩ ሁለቱን መስመሮች ሲያገናኝ «ሾርት አደረገ» የምንለው ይሆናል። ውኃው ከደረቀ በኋላም ጨዉ በሰሌዳው ላይ ስለሚቀር፣ ዛሬ ደኅና የመሰለው መሣሪያ ከሳምንታት በኋላ ሊቆም ይችላል። «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚባለው በዚህም ላይ እውነት ነው።

መከላከያ ቅቡ በሰሌዳው ላይ የሚለጠፍ፣ የዕቃዎቹን ቅርጽ ተከትሎ የሚያርፍ ስስ ሽፋን ነው። በሰፊው የታወቁት አምስት ዓይነቶች ናቸው፤ አክሪሊክ፣ ዩሬቴን፣ ኢፖክሲ፣ ሲሊኮንና ፓሪሊን። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ በተለምዶ ከ30 እስከ 130 ማይክሮሜትር፣ ሲሊኮን ደግሞ ከ50 እስከ 210 ማይክሮሜትር ውፍረት ይኖራቸዋል፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር ሺህኛ እጅ ነው። አክሪሊክ በቀላሉ ይቀባል፤ ለጥገና ሲፈለግም በማሟሟያ ይነሣል። ዩሬቴን ኬሚካልን ይቋቋማል። ሲሊኮን ሙቀትንና እርጥበትን በሚገባ ይችላል። ኢፖክሲ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከደረቀ ማንሣቱና ሰሌዳውን መጠገኑ አስቸጋሪ ነው። ፓሪሊን እ.ኤ.አ. በ1947 በእንግሊዝ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሚካኤል ሽቫርትስ በተባለ ኬሚስት የተገኘ ሲሆን፣ ዛሬ በሰው አካል ውስጥ የሚቀበሩ የሕክምና መሣሪያዎች ሳይቀሩ ይሸፈኑበታል። ሆኖም አየር በወጣለት ልዩ ክፍል ውስጥ በተን መልክ የሚለጠፍ ስለሆነ በተራ የጥገና ቤት የሚሠራ አይደለም።

እንግዲህ የቅቡን ወሰን እናስተውል። አንደኛ፣ እነዚህ ሽፋኖች እርጥበትን፣ ጤዛንና ጥቂት ጠብታን ይቋቋማሉ እንጂ ውኃ ውስጥ ለመዘፈቅ የተሠሩ አይደሉም፤ በጊዜ ብዛትም የውኃ ተን ያልፍባቸዋል። ሁለተኛ፣ ሁሉም ክፍል አይቀባም። የኤሌክትሪክና የዩ ኤስ ቢ መሰኪያዎች፣ የሜሞሪ ማስገቢያዎችና ማራገቢያው ቅብ ከነካቸው ሥራቸውን ያቆማሉ። አብዛኛው ሃርድ ዲስክም ትንሽ የአየር መተንፈሻ ቀዳዳ አለው፤ እርሱን መድፈን ዲስኩን መጉዳት ነው። በዚያ አጥቢያ ውኃው የገባው ቅቡ ሊደርስበት በማይችል በዚህ ክፍል ነበር። ሦስተኛ፣ አቧራ ወይም ጨው ባለበት ሰሌዳ ላይ የተቀባ ቅብ ጉዳቱን ከውስጥ ይዘጋበታል እንጂ አያስቀረውም። በጽሕፈት ቤቶቻችን የሚሰበሰበው አቧራና የዕጣን ጥቀርሻ አስቀድሞ መጽዳት ይኖርበታል።

ስለዚህ የሚቀባ ባለሙያ ስትቀጥሩ እነዚህን ጠይቁ፤ ሰሌዳውን በምን ያጸዳል? መሰኪያዎቹን በምን ይሸፍናል? የቅቡ ዓይነት ምንድን ነው? ያልተዳረሰ ቦታ መኖሩንስ በምን ያረጋግጣል? ብዙዎቹ ቅቦች በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታዩ ስለሚያበሩ ጥሩ ባለሙያ በዚያ ይመረምራል። የቅቡ ማሟሟያ በቀላሉ የሚቀጣጠልና ትነቱም የሚጎዳ ስለሆነ ሥራው አየር በሚዘዋወርበትና ጧፍም ሆነ ሻማ በማይበራበት ቦታ ይከናወን። አዲስ ላፕቶፕ ከሆነ ከፍቶ ማስቀባት የሻጩን ዋስትና ሊያሳጣ እንደሚችልም አስቡ።

በእኛ አስተያየት ገንዘቡ በይበልጥ የሚገባው ከቤት ውጭ ለሚውሉ መሣሪያዎች ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሣጥን ያላችሁ አጥቢያዎች፣ በግዢ ጊዜ የውስጥ ሰሌዳው የተቀባ መሆኑንና የሣጥኑን የ«አይ ፒ» ቁጥር ጠይቁ። በዚህ ዓለም አቀፍ ምደባ የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውኃን የመከላከል ደረጃ ያሳያል፤ ለምሳሌ አይ ፒ 67 ማለት አቧራ ጨርሶ የማያስገባ፣ በአንድ ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ውኃ ውስጥ ቢቆይ ጉዳት የማይደርስበት ማለት ነው። ፈተናው የሚደረገው ግን በአዲስ መሣሪያና በንጹሕ ውኃ ነው፤ ጎማው ያረጀና ብሎኑ የላላ ሣጥን ያንን ደረጃ አይጠብቅም።

ውኃ ከፈሰሰስ? አስቀድሞ ኤሌክትሪኩ ከዋናው ማጥፊያ ይቋረጥ፤ በእርጥብ እጅ ሶኬት አይነካ። ላፕቶፕ ከሆነ ይጥፋ፤ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይውጣ፤ ኪቦርዱ ወደ ታች ተዘቅዝቆ ውኃው ይንጠፍ። «ይሠራ እንደሆነ እንይ» ብሎ ማብራት ብዙ መሣሪያ ያጠፋ ስሕተት ነው። ሩዝ ውስጥ መቅበር በሰሌዳው ላይ የቀረውን ጨውና ስኳር አያነሣም፤ የጋለ አየር መንፋትም ሌላ ጉዳት ያመጣል። ባለሙያ ከፍቶ ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል ያጽዳው፤ አረቄም ሆነ የእጅ ሳኒታይዘር አይተካውም።

ክቡራን አባቶች፤ ይህ ጥበብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን የብራናውን መጽሐፍ በቆዳ ማኅደር አኖሩት፤ ማኅደሩን ግን እርጥብ መሬት ላይ አልጣሉትም፤ ከግድግዳው ላይ ሰቀሉት። በማኅደሩና በመስቀያው ብቻም አልረኩም፤ ጸሐፍት አስቀምጠው አስገለበጡት፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላው በሌላ ደብር ይገኝ ነበር። ለኮምፒውተሩ ቅቡ እንደ ማኅደር ነው፤ ደረቅና ከፍ ያለ ቦታ እንደ መስቀያው ነው፤ ቅጂው ግልባጩ ነው። ከሦስቱ አንዱን ብቻ መምረጥ ግድ ቢሆንብን የምንመርጠው ግልባጩን ነው፤ መሣሪያ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይተካም።

ስለዚህ ሰኔ ሳይጋመስ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ ሦስት ነገር በቃለ ጉባኤ እንዲወስን እንለምናለን። ኮምፒውተሩ ካለበት በላይ ያለው ጣሪያ ይታይ፤ መሣሪያውም ከወለልና ከመስኮት ይራቅ፤ ከሥራ በኋላም ውኃ የማያሳልፍ ሸራ ወይም ፕላስቲክ ይሸፈን፤ ሲበራ ግን ሙቀት እንዳይታመቅበት ሽፋኑ ይነሣ። መዝገቡ በየሳምንቱ በሁለት ውጫዊ ማከማቻዎች ይገልበጥ፤ አንዱ በጽሕፈት ቤቱ ካዝና፣ ሌላው ከግቢው ውጭ ታምኖ በተሰየመ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የግል ምስጢር ስላለበትም በይለፍ ቃል ይቆለፍ። በየሦስት ወሩ ደግሞ ቅጂው ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጥ። ይህ ከተፈጸመ በኋላ ገንዘብ የተረፈው አጥቢያ ቅቡን ያስቀባ፤ እኛም ባለሙያ በመምረጥ እናግዛለን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ የውኃውም ነገር እንዲሁ ነው። በሚመጣው ጉብኝታችን በእያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት አስቀድመን የምንጠይቀው «ቅጂው የት አለ?» ብለን ነው። መልሱ ተዘጋጅቶ እንዲቆየን አደራ እንላለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።