ስለ ፈተና ገንዘብ



የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ ነበሩ። እኛ አምስታችንም ከወደቁት ወገን ነበርን። ዳግመኛ በግል ለመፈተን የመመዝገቢያ ገንዘብ አስፈለገን፤ የሚከፍልልን ወላጅ ግን አልነበረንም።

ቀን ጭነት እያወረድን፣ ማታ ቆሎ እየሸጥን ዕቁብ ገባን። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ለአንዱ ጓደኛችን ዕጣው ገና አልወጣለትም ነበር፤ እርሱም አፍሮ ዝም አለ። አንድ መምህራችን ጠይቀው ባይደርሱለት ኖሮ ዓመቱ ባለፈበት ነበር።

ስለዚህ የምንለምነው ይህን ነው፦ ምዝገባው ሳይዘጋ ተማሪውን ለብቻው ጠይቁት፤ የቸገረው በሰው ፊት አይናገርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ እኛም የመጀመሪያውን መዋጮ ዛሬ ይዘን መጥተናል።