እንዝርቱን ይዘን ወርደናል



እኛ የግጭ እናቶች ነን። የስሜን ተራሮች ፓርክ ከግጦሽ እንዲያርፍ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ከተማ ወርደናል። ትምህርት ቤት ለልጆቻችን ቀርቧል፤ ይህን አንክድም። ግጭ ላይ ግን ልጅ ሥራ የሚለምደው በግ እየጠበቀ፣ ገብስ ሲታጨድና ሲወቃ ከሥር ከሥር እያለ ነበር፤ ማንም «ተማር» አይለውም። እዚህ ማሳም በግም የለንም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ የበግ ጠጉር ይዘን አብረናቸው እንቀመጣለን፤ ማጠብ፣ ማባዘት፣ በእንዝርት መፍተል። ወንዶቹም ይፈትላሉ። ሰፈሩ ስቆብን ነበር፤ የአንዳንዶቹ ክር ግን ከእኛው ይቀጥናል!

የቸገረን ጠጉሩ ነው፤ በጎቻችንን ስንነሣ ሸጠናቸዋል። ደጋፊዎቻችን፣ ሹራብ ገዝታችሁ ከምትልኩልን የጠጉር መግዣ ስጡን። ልጆቹ ይፈትላሉ፤ ባና እንዲሆን ለሸማኔ የምናደርሰው እኛ ነን።