ስለ ትንሹ ምግብ ቤት

በዛሬው ንግግሬ ስለ ታላላቅ ሆቴሎች ሳይሆን፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥተን ጥቂት ተራምደን ስለምንገባበት፣ በኪሳችን ባለው ገንዘብም ጠግበን ስለምንወጣበት ስለ ትንሹ ምግብ ቤት ለመናገር አስቤአለሁ። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ቤተ ሰቡን በሌላ አገር ትቶ በአንድ ክፍል ቤት የሚኖረውን ጸሐፊ ይጠይቅ።

ምግብን በገንዘብ መሸጥ በአገራችን ዘንድ ለብዙ ዘመን እንደ ነውር ሲቈጠር ኖሯል። መንገደኛው በደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ተብሎ ይገባ ነበር፤ እግሩን ይታጠባል፤ ከቤቱም እራት ይካፈላል። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ የቆረቆሯት ጎንደርም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አምባ ስለ ነበረች፣ ከየአገሩ የሚመጡትን ተማሪዎች ታሳድር የነበረው በቁራሽ እንጀራ ነው እንጂ በሂሳብ አልነበረም። ስለዚህ በአባታቸው በኩል ከስሜን መሳፍንት የሚወለዱት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሆቴል ባቆሙ ጊዜ፣ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረውት ነበር ይባላል። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ሄደው በልተውና ሂሳባቸውን ከፍለው እንዳለማመዷቸውም ይተረካል።

ከፍሎ መብላት ከተለመደ እንግዲህ ብዙ ዘመን ሆነ። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በጎንደር በቆዩበት ጊዜ የሠሩት ፒያሳ ዛሬም ካፌ የሞላበት ነው፤ ማኪያቶውም ፓስታውም በእነርሱ በኩል የመጣ ነው። ፓስታውን በእንጀራ ጠቅልለን መብላታችንን ቢያዩ ግን ሳይደነግጡ አይቀሩም ነበር። እኔን የሚገርመኝ፣ ማዕዱ ዋጋ ቢወጣለትም የቀድሞው እንግዳ አቀባበል ከትንሹ ምግብ ቤት አለመጥፋቱ ነው። በትልቁ ሆቴል አስተናጋጁ «ምን ልታዘዝ?» ብሎ ይሄዳል። በትንሹ ቤት ግን እመቤቲቱ እንጀራው ማለቁን አይታ ሳትጠየቅ ትጨምራለች፤ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትላለች። በአጠገብ የተቀመጠው የማይታወቅ ሰውም እጁን ከመስደዱ በፊት «እንብላ» ይላል።

ምግቡስ ምንድር ነው ቢሉ፣ ከሁሉ በፊት ሽሮ ነው። ከደንቢያ ሜዳ የመጣው ሽምብራ ተቆልቶና ተከክቶ፣ ከበርበሬ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከኮረሪማና ከበሶብላ ጋር ይፈጫል፤ በሸክላ ድስትም እየተንተከተከ ይቀርባል። ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ጾም ምስሩና ጎመኑ፣ ድንቹም ይጨመርበታል። ወደ ደጋው፣ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ በወጣን መጠን ገብሱ እየበዛ ይሄዳል። ከጎንደር አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በደባርቅ፣ የሊማሊሞን ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ነጂ በብርዱ ውስጥ የሚፈልገው ትኩስ ወጥና ሞቅ ያለ ቤት ነው። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ደኅና ምግብ ቤት ቢቸግረው፣ የጭነት መኪኖች ተሰልፈው የቆሙበትን ደጅ ቢመለከት አይሳሳትም።

ሽሮ ርካሽ የሆነው እህሉ ከቅርብ ስለሚገኝና ሥጋ ስለማይጠይቅ ነው። ዘይቱ ግን አብዛኛው ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ የትንሽ ምግብ ቤት ባለቤት ሂሳብ ከብዷል። የደመወዝተኛውም ሂሳብ ከብዷል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዚያችው በአንዲት ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለሥራ ወደ ጎንደር ተልኬ ሳለ ውሎ አበሌ ዘገየብኝ። ከፒያሳው ዝቅ ብሎ በሚገኝ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ባለው ቤት ሦስት ቀን ከፍዬ በላሁ። በአራተኛው ቀን እስከ በሩ ደርሼ ተመለስሁ። የቤቱ እመቤት አይተውኝ ኖሮ ከማድ ቤት ወጥተው ጠሩኝ።

«ምነው ልጄ፣ ሽሮዬ አልጣመህም?»

ነገሩን ሳልደብቅ ብነግራቸው ሳቁ። «አበል የዘገየበት አንተ የመጀመሪያው ነህን? ግባ፣ እጅህን ታጠብ» አሉና ልጃቸውን ደብተር እንድታመጣ አዘዟት። ልጅቱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት፤ የዱቤውን መዝገብ የምትይዘው እርሷ ናት።

ደብተሩን ሳየው የሰው ስም እምብዛም አልነበረበትም። «የጤናው ረጅሙ»፣ «የፍርድ ቤቱ ባለ መነጽር»፣ «የግብርናው ሁለቱ ወንድማማች» እየተባለ ተጽፎአል። ብዙው ተከፍሎ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዟል። ባልተሰረዙት ላይ ግን በጎናቸው አንድ ቃል ብቻ አለ፤ «ተዛወረ» ይላል። ቈጠርኋቸው፤ አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱም አንድ እንኳ ነጋዴ አልነበረበትም፤ ሁሉም እንደ እኔ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው።

«እትዬ፣ ይህን እንዴት ይችሉታል?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ዋጋ ጨምሪ የሚሉኝ አሉ» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ጨመርሁ። ከዚህ በላይ ብጨምር የሚቀሩብኝ አዲስ የተቀጠሩት ልጆች ናቸው፤ እነርሱ ቀርተው ለማን ልሠራ? እነዚያ የተዛወሩት ቢልኩልኝ ግን የወር ዘይት ይሆነኝ ነበር። ዛሬ እኮ በቴሌብር ይላካል፤ መንገድ ራቀ አይባልም።»

አበሌ በዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ሂሳቤን ከፈልሁና ልጅቱ ስትሰርዝ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። እኔም በደብተሩ ውስጥ ስም አልነበረኝም፤ «የራዲዮኑ» ተብዬ ነበር የተጻፍሁት። ከአሥራ አንዱ መካከል ይህን ንግግር የሚሰማ ቢኖር፣ ከጎንደር በተነሣሁበት ቀን ቤቱ በዚያው ስፍራ፣ ደብተሩም በመደርደሪያው ላይ እንደ ነበረ ላስታውቀው እወዳለሁ።