የቆዩ የግቢ ዛፎች እንክብካቤ በሰቆጣ


ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ ስለተተከሉ ችግኞች ብዙ እንናገራለን፤ ቀድሞ በሰቆጣ ግቢዎች ስለቆሙት ወይራና ጽድ ግን ዝም እንላለን። በዋግ ኽምራ ዝናቡ በአመዛኙ በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃልሎ ያልፋል፤ ረጅሙን በጋ ዛፉ የሚሻገረው አፈሩ ባስቀረለት እርጥበት ነው። ግቢውን እስከ ግንዱ በሲሚንቶ የሚለብጥ ሰው ይህን ስንቅ ይነፍገዋል።

ውሃ የሚመጥጡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት የሚገኙት ግንዱ አጠገብ ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩና ከዚያም ባሻገር ነው። ስለዚህ የምመክረው ይህን ነው፦ በዚያ ዙሪያ ጎርፉን በድንጋይ ክትር ያዙ፤ አፈሩን በደረቅ ቅጠል አልብሱ፤ በበጋ አልፎ አልፎ፣ ጠልቆ እስኪገባ አጠጡ። ወይራ በዝግታ ያድጋል፤ ዛሬ የደረቀውን በሚተካው ችግኝ ጥላ የሚያርፉት ልጆቻችን እንጂ እኛ አይደለንም።