ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ስለ መሄድ

በኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ከመርሳ ተነሥቶ የደሴት ገዳም ለመሳለም የሚያስብ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ የቅርብ ነው፥ እርሱም ሐይቅ እስጢፋኖስ፤ ሁለተኛው ተራራውንም ውሃውንም ተሻግሮ የሚገኘው፥ በጣና ውስጥ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰማዕት ስም መጠራታቸው በከንቱ አይደለም። ዳጋን የመሠረቱት አባ ሂሩተ አምላክ የሐይቁ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዝሙር እንደ ነበሩ በአባቶች ዘንድ ይነገራልና፥ ወደ ሁለቱ መሄድ ወደ እናትና ወደ ልጅ ቤት እንደ መሄድ ነው።

የሐይቁ መንገድ ከመርሳ ወደ ደቡብ፥ በደሴ ጐዳና 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ውርጌሳን አልፎ ወደ ውጫሌ ሲወጣ ቆላው እየራቀ አየሩ ይቀዘቅዛል። በዚህች ከተማ ስም የተጠራው የ1881 ዓ.ም. ውል እስከ አድዋ ጦርነት እንዳደረሰ የሚያውቅ መንገደኛ፥ መኪናው ቢቸኵልም በመስኮት ሳይመለከት አያልፍም። ከውጫሌ በኋላ የሐይቅ ከተማ ይገኛል፤ ገዳሙም ከከተማው ሩቅ አይደለም። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እግሩ ውሃ ሳይነካው ይደርሳል።

ጥንት ግን እንዲህ አልነበረም። በ1520 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በዚህ ሐይቅ አጠገብ ሲያልፍ፥ ገዳሙ በደሴት ላይ እንደ ነበረ፥ መነኮሳቱም አራት ታላላቅ ቅል በታሰረበት የደንገል ታንኳ ይሻገሩ እንደ ነበር ጽፎአል። በውሃውም ውስጥ ጉማሬ እንደ ነበረ ይናገራል። ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለውን ውሃ በቅልና በሣር መሻገር ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ቆሞ ለሚያስብ ሰው፥ የቀድሞ ሰዎች ለመሳለም የከፈሉት ዋጋ ይታየዋል።

ውሃው ግን መከራ ብቻ አልነበረም፤ ቅጥርም ነበረ። አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ከመነኰሱ በኋላ በ1240 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው፥ ጸሎትን ከትምህርትና ከመጻሕፍት መገልበጥ ጋር አንድ ላይ አጸኑበት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው እግር ሥር ተምረዋል። ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል፥ የራሳቸው ሥዕል ያለበት፥ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አልፎት እስከ ዘመናችን ደርሶአል። የገዳሙ አለቃ ዐቃቤ ሰዓት እየተባለ በቤተ መንግሥት የሚከበረውም ከዚህ የተነሣ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመታት የጠበቀው የሰው ጸሎት ነው፤ ነገር ግን ውሃውም ድርሻ አለው። በኢማም አሕመድ ዘመን፥ በ1524 ዓ.ም. ገደማ፥ ሠራዊቱ ታንኳ እስኪሠራ ድረስ ደሴቲቱ ቆይታ ነበር። በመጨረሻም መነኮሳቱ ቤተ ክርስቲያኑ እንዳይቃጠል ንብረቱን አሳልፈው ሰጡ።

ከዚያ ወዲህ ሐይቁ እየጐደለ ሄዶ ደሴቲቱ በአንድ ወገን ከየብስ ጋር ተያይዛለች። በፈረንሳይ አገር ሞን ሳን ሚሼል የሚባል የባሕር ደሴት ገዳም አለ፤ በ1879 እ.ኤ.አ. በአፈርና በድንጋይ ድልድል ከየብስ ጋር ቢያያይዙት ደለሉ ባሕሩን ሊያርቀው ጀመረ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ውሃው ከሥሩ የሚያልፍበት ድልድይ ሠርተው ደሴትነቱን ሊመልሱለት ደከሙ። ለሐይቅ እንዲህ ያለ ድልድይ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የተሳላሚው ጠባይ ነው። ድሮ ታንኳው ጥቂት ሰው ብቻ ይይዝ ስለ ነበር የገዳሙ ጸጥታ በራሱ ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ግን በመኪና የመጣ ሕዝብ በአንድ ሰዓት ሊያውከው ይችላል። ስለዚህ ኅዳር 26 ቀን፥ የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ሲደርስ፥ የሚሄድ ሰው መኪናውን በሩቅ አቁሞ በእግሩ ቢሄድ ይሻለዋል።

ወደ ዳጋ የሚወስደው መንገድ ከዚህ ይረዝማል። ከመርሳ ወደ ወልድያ፥ ከወልድያም በጋሸና፥ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር እስኪገቡ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከመነሣት በፊት የመንገዱን ሰላም ማጣራት ተገቢ ነው፤ ይህን ንቆ ሕዝብ ይዞ የሚወጣ መሪ ጥበብ የለውም።

ከባሕር ዳር ወደ ዳጋ በሞተር ጀልባ ይኬዳል። ጣና በጥልቀቱ ከሐይቅ እጅግ ያንሳል፥ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ያህል ነው፤ ስፋቱ ግን ታላቅ ስለ ሆነ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ ያስፈራል። ጠዋት በማለዳ መነሣት ይገባል። የመንሳፈፊያ ልብስ መኖሩን ሳያዩ መሳፈር እምነት ሳይሆን ቸልተኝነት ነው። የደንገሉን ታንኳ ግን ዛሬም የጣና ሰዎች ይቀዝፉታል፤ ውሃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ ዳር አውጥተው በፀሐይ ያደርቁታል።

ዳጋ ከውሃው እንደ ጉልላት የወጣ በደን የተሸፈነ ኮረብታ ነው። ከወደቡ እስከ ላይኛው ቤተ ክርስቲያን ዳገቱን በእግር መውጣት ግድ ነው፤ ለአረጋውያን ምርኵዝና ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። በዚያም የዐፄ ይኵኖ አምላክ፥ የዐፄ ዳዊት፥ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ የዐፄ ዘድንግልና የዐፄ ፋሲል ዐፅም አርፎአል።

አንድ ነገር ግን በግልጥ መነገር አለበት። ወደ ዳጋም ሆነ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴቶች አይገቡም፤ ይህ የገዳማቱ ጥንታዊ ሥርዐት ነው። ስለዚህ ይህን ሳይናገር ከእናቶች ገንዘብ ሰብስቦ በወደቡ ላይ የሚያስቀራቸው የጉዞ መሪ በደል ያደርጋል፤ አንዳንዷ እናት የዓመት ቁጠባዋን ይዛ ትመጣለችና። ለእነርሱ ከዳጋ አጠገብ በደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ አለ፤ የእቴጌይቱም ሥዕል በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያል። በዘጌም የቡና ደን ውስጥ ዑራ ኪዳነ ምሕረት አለ። ጀልባው አስቀድሞ እናቶችን ወደ ናርጋ አድርሶ፥ ወንዶችን ወደ ዳጋ ወስዶ፥ ነፋሱ ሳይነሣ ሁሉንም ሰብስቦ እንዲመለስ ከባለ ጀልባው ጋር በባሕር ዳር ሳሉ መዋዋል ይቻላል።