ስለ አራስ ጥየቃ
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ነገራችን ስለ መዋጮ አይደለም። የመዋጮው ዝርዝር እዚሁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ያልከፈለ ራሱን ያውቃል።

አምና በማኅበሩ ስም አንዲት አራስ ልንጠይቅ ሄድን። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አልን፣ ገንፎውም ቀረበ። ከመካከላችን አንዷ፣ «ለልጁ ቅቤ አልሰጠሽውም እንዴ? ውሃ በስኳርስ?» አለቻት። «ሐኪም ከልክሎኛል» ብትል፣ «ምን ሆነሽ ነው የሚከለክልሽ?» እያልን ተቀባበልናት። ፊቷ ተለዋወጠ። በመጨረሻ እኛው ፊት ለልጁ በማንኪያ ውሃ ሰጠችው። ቫይረሱ ይኑርባት አይኑርባት አናውቅም፤ ማወቅም የኛ ሥራ አይደለም። ግን ቢኖርባትስ ኖሮ?

ነገሩ ስለከነከነን ጤና ጣቢያ ሄደን ጠየቅን። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው እናቶች ካልታከሙ ከሚወልዷቸው 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት በእርግዝና፣ በምጥ ወይም በጡት ሊያዙ ይችላሉ። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ ከወሰዱ ግን ከ5 በታች ይወርዳል። በአገራችን ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ እርጉዟ ቫይረሱ እንደተገኘባት ወዲያው ትጀምራለች፣ ዕድሜ ልኳንም ትወስዳለች። ለልጁም ሽሮፕ ይሰጠዋል። እስከ 6 ወር ግን ጡት ብቻ ነው። ውሃው፣ ቅቤው፣ አብሹ ሲቀላቀል ያልጠነከረ አንጀቱን ይጎዳዋል፤ ቫይረሱም መግቢያ ያገኛል። ጡት ብቻ ማጥባት ደግሞ ለማንኛውም ሕፃን የሚመከር ስለሆነ፣ ቅቤ አልሰጥም ያለችን ሁሉ በሽተኛ ናት ማለት አይደለም። ይህን አደራ ልብ በሉልን።

ልጁ በ6 ሳምንቱ ይመረመራል፤ የመጨረሻው ውጤት ግን ብዙውን ጊዜ 18 ወር ሲሞላው ነው። እናት ይህን ሁሉ ጊዜ ልጄን ይዞት ይሆን እያለች ነው የምታድረው። በዚያ ላይ የኛ ዓይን አለ። ክኒኗን በርበሬ ዕቃ ውስጥ የምትደብቅ አለች። አጠገቧ ያለውን ጤና ጣቢያ ትታ በሁለት ታክሲ ሌላ ሰፈር የምትሄድም አለች፤ የታክሲ ያጣች ዕለት ቀጠሮው ያልፋታል።

ስለዚህ ኮሚቴው ወስኗል። አራስ ጠያቂ በሕፃኑ አፍ ምንም አያደርግም፤ ለምን ብሎም አይጠይቅም። ምጥ ለያዛት እናት ሁሉ ደግሞ የታክሲ ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈላል፤ ካርድ አሳዪ አትባልም፣ መዋጮ ይኑርባትም አይኑርባትም። ቁልፉ ገንዘብ ያዣችን ዘንድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን በሩን አንኳኩ።