የአንድ ቤት ገንዘብ፤ የሁለት ሰው ድካም



ዛሬ የምናከብረው በዓል ስሙ ኢዮቤልዩ ነው። ይህ ስም በኦሪት ሕግ የደስታ ቀን ብቻ አልነበረም፤ በ50ኛው ዓመት ርስቱን በችግር የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ የሚመለስበት፣ በድህነት ራሱን ለባርነት የሸጠውም አርነት የሚወጣበት ዓመት ነበር እንጂ። እንግዲህ የድካሙ ዋጋ በገዛ ቤቱ የተወሰደበት ሰው በመካከላችን እንዳለ በዚህ ቀን ማሰብ የተገባ ስለ ሆነ፣ በባልና በሚስት መካከል በገንዘብ ስለሚደረገው ግፍ ጥቂት ቃል እናገራለሁ።

ድህነት ግፍ አይደለም። ሁለት ሰዎች አንዲት እንጀራ ቆርሰው ቢካፈሉ በመካከላቸው ፍቅር አለ። ግፍ የሚባለው አንደኛው የሁለቱን ድካም ለብቻው ጨብጦ፣ ሁለተኛው ስንት እንደ ገባና ወዴት እንደ ሄደ ለመጠየቅ እንኳ የሚፈራ ሲሆን ነው። ዱላ በገላ ላይ ሰንበር ያወጣልና ጎረቤት ያየዋል፤ የዚህኛው ሰንበር ግን በጓዳ ተሰውሮ ይኖራል።

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች አንድ ቃል ሁለት ነገር ተሸክሞ ሲመጣ መመርመር ልማዳችን ነው። «ገንዘብሽን እኔ ልያዝልሽ» የሚለውን ቃል እንመልከት። አደራ መጠበቅ መያዝ ይባላል፤ ምርኮኛን ማሰርም መያዝ ይባላል። የዚህ ቃል ሰሙ አሳቢነት ነው፤ ወርቁ ግን ገንዘብዋን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን ራስዋን መያዝ የሆነበት ቤት አለ።

ደመወዝ የምትቀበል ሚስት የባንክ ካርድዋ በባልዋ ኪስ ይውላል፤ የስልክዋንም የምሥጢር ቁጥር እርሱ ይዞ በቴሌብር የገባላትን ያወጣዋል፤ እርስዋም በየማለዳው የታክሲ እንደ ሕፃን ልጅ ትለምናለች። ስለ አስቤዛው እስከ ሽንኩርቱና እስከ ዘይቱ ድረስ ትመረመራለች፤ እርሱን ግን የሚመረምረው የለም። ጉሊት ተቀምጣ የጣለችው ዕቁብ በደረሳት ዕለት ከእጅዋ ይወሰዳል። ሌላይቱ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ጅዳ ተሻግራ፣ በሰው ቤት እየሠራች ለዓመታት የላከችው ገንዘብ ቤት ሆኖ ተሠርቶ፣ ስትመለስ ካርታው በባልዋ ስም ብቻ ተጽፎ ታገኘዋለች። ሌላውም ባል ሚስቱን ሳያማክር ለወዳጁ ዕዳ ዋስ ይሆናል፤ እርስዋም ነገሩን የምትሰማው የሐራጅ ማስታወቂያ በተለጠፈ ጊዜ ነው። የባልዋን ድካም ሸሽጋ ለብቻዋ የምታከማች ሚስትም አትጠፋም፤ በደሉም ያው በደል ነው። ይሁን እንጂ ቀንበሩ አብዝቶ የሚከብደው በሴቶች ላይ ነው።

«ባል የቤት ራስ ነውና ገንዘቡን እርሱ ቢያዝ ምን ነውር አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አፍ የሚገኘው በራስ ላይ ነው፤ አፍ የጎረሰው ግን እጅንም እግርንም ያጠነክራል። ለብቻው በልቶ አካሉን የሚያስርብ ራስ ከቶ የት ታይቶ ያውቃል?

የአባቶቻችንም ልማድ ቢጠየቅ፣ በሰማንያ በተጋቡ ሰዎች ዘንድ ንብረቱ የሁለቱ ነበረ፤ ቢለያዩም እኩል ይካፈሉት ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራውን ንብረት አስተዳደር በአብዛኛው ለባል ሰጥቶ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ግን ባልና ሚስትን በጋብቻ ውስጥ እኩል አደረጋቸው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፣ አስተዳደሩን ለሁለቱም በአንድነት ሰጠ። ብዙዎቹ ክልሎች ደግሞ የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል። በአማራ ክልል በገጠሩ የመሬት ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው በአንድነት እንዲሠፍር መደረጉም ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው።

የ1992ቱን ሕግ ፍሬ ነገር ካህንም ምእመንም ሊያውቀው ይገባል። በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ስም ብቻ ቢጻፍም፣ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው። እንግዲህ ከዓረብ አገር በተላከ ገንዘብ በትዳር ውስጥ የተሠራው ቤት ካርታው በባል ስም ስለ ሆነ ብቻ የባል አይሆንም። ከሁለቱ አንዱ ስለ ገቢው ሒሳብ ቢጠይቅ ሌላው ማስረዳት አለበት። የጋራ ቤትን መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት፣ ከ500 ብር በላይ መበደር ወይም ማበደር፣ ለሌላ ሰው ዕዳም ዋስ መሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል።

ያለ ፈቃዱ እንዲህ ያለ ውል የተደረገበት ወገን ፍርድ ቤት እንዲያፈርስለት ለማመልከት ይችላል። ነገር ግን ይህን የሚያደርገው ባወቀ በ6 ወር ውስጥ ነው፤ ባያውቅ እንኳ ውሉ ከተደረገ 2 ዓመት ካለፈ አይሰማለትም።

አባቶቼ ሆይ፤ ይህችን የ6 ወር ቀጠሮ ልብ በሉልኝ። ቤትዋ የተሸጠባት ሴት ወደ ንስሐ አባትዋ ወይም ወደ ሽማግሌ ስትመጣ፣ «ገበናሽን ሸፍነሽ ቻይው፤ አዝመራው ይግባ፤ ፋሲካ ይለፍና እንነጋገር» እየተባለች ትመለሳለች። ሽማግሌው ሰላም ያወረደ ይመስለዋል፤ ቀኑ ግን እየቆጠረ ነው። አዝመራው ገብቶ ፋሲካው ሲያልፍ መብትዋም አብሮ አልፏል። ስለዚህ ማስታረቅ መልካም ሆኖ ሳለ፣ ቀን የሚያስበላ እርቅ ግን ለበደለኛው ያደላ ፍርድ ነው።

ከእንግዲህ ወዲህ ባልና ሚስት ተጣልተው ወደ እናንተ ሲመጡ፣ ማን ማንን ሰደበ ከማለት አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ወደ ቤቱ የሚገባው ስንት እንደ ሆነ ሁለታችሁም ታውቃላችሁን? ከእርሱ ለሚያስፈልጋችሁ ሁለታችሁም ሳትፈሩ ታወጣላችሁን? ቤቱና መሬቱ በማን ስም ተጽፎአል? አንደኛው በሌላው ፊት ለመመለስ ቢፈራ ለብቻው ይጠየቅ። በደሉ ከተገኘም ካርዱ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ሒሳቡ ይገለጥ፤ የሚያስፈልግ ከሆነም ቀኑ ሳያልፍ ወደ ዳኛ ትሂድ፤ ስለ ሄደችም ትዳር አፍራሽ አትባል። ትዳሩን ያፈረሰው በስውር የሸጠው ነውና።

ሙሽሮችን ስታስተምሩም ስለ ሰርጉ ድግስ ከምትናገሩት ይልቅ ከሰርጉ ማግስት ስለሚጀመረው ሒሳብ ንገሯቸው። የዚህ ደብር በዓለ ኢዮቤልዩ በመካከላችን ለአንዲት ቤት እንኳ የተወሰደባትን ቢያስመልስላት፣ በእውነት ስሙን የሚመስል በዓል አከበርን ማለት ነው።